ጓንት ያደረገ ክንድ በብርድ ሲመታ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ወፍራም መልበስንና ደረቅ ሆኖ መቆየትን የማያውቅ ስለሌለ አልደግመውም። እዚህ የማነሳው ይህን ሁሉ አድርጎም ክንዱ በብርድ የሚመታውን ሰው ነው።

ምልክት፦ ቆዳው መጀመሪያ ይወጋጋል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል። ቀላ ያለ ቆዳ ይነጣል፤ ጠቆር ያለው ግን ብዙ ጊዜ አመድማ ይሆናል እንጂ አይነጣም። ስለዚህ ነጭ ነገር እስኪያይ የሚጠብቅ ይሸወዳል። ላዩ ደረቅ ብሎ ሲጫኑት ከሥሩ ያለው ሥጋ ለስላሳ ከሆነ ጉዳቱ ገና ላይ ላዩን ነው። ሕመሙ ድንገት ቢጠፋ ተሻለኝ አትበሉ፤ ስሜቱ ነው የሞተው።

መንስኤ፦ ደጋግሜ የማየው አንድ ነው፤ በጓንትና በእጅጌ መካከል የሚቀረው ክፍተት። የእጅ አንጓ ስቡ ጥቂት ነው፣ ደም ሥሩም ቆዳው ሥር ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚደረድር አንድ ሠራተኛ ውድ ጓንት አድርጎ ነበር። እጁን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ባነሳ ቁጥር ግን እጅጌው ይሸሻል። ሲወጣ አንጓው ዙሪያውን አምባር የመሰለ የደነዘዘ ቀለበት ነበረው። ጣቶቹን ደጋግሞ እያሳየ «ደህና ናቸው እኮ» ይለኛል! ሌላው የብረት ሰዓቱን ክፍተቱ ላይ አስሮ ነበር፤ ብረት ሙቀትን ምን ያህል እንደሚመጥ መናገር አለብኝ? የሌላዋ እጅጌ ረጅም ነበር፣ ጫፉ ግን በላብ የራሰ ጥጥ ነው። የራሰ ጨርቅ ከደረቁ እጅግ ፈጥኖ ሙቀት ይነጥቃል፣ ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

መከላከያው ቀላል ነው። ልብሱን ከነጓንቱ ልበሱና ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ፤ ቆዳ ከታየ ልብሱ አልሆነም። አንገተ ረጅም ጓንት ከሌለ የሱፍ ካልሲ ጫፉን ቆርጣችሁ አንጓው ላይ አጥልቁት። ላብ የነካውን ወዲያው ቀይሩ። ላስቲኩ አንጓን የሚያንቅ ርካሽ ጓንት ግን ከነጭራሹ አትግዙ፤ ደም ካልደረሰ ሙቀት ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው መንስኤ በረዶ ነው። ክርኑ ተጋጭቶ የሚያመው ሰው ሕመሙን ለማስታገስ በረዶ በቀጥታ ቆዳው ላይ በፋሻ አስሮ ይተኛል። በመካከል ጨርቅ ይኑር፤ ከ20 ደቂቃም አይለፍ፤ እየተኙ ደግሞ በፍጹም። ከታመቀ ጋዝ ወይም ከስፕሬይ የሚመጣም አለ፣ ብርቅ ነው።

መፍትሄ፦ ከብርዱ ውጡ። እብጠት ሳይመጣ ሰዓት፣ ቀለበትና አምባር አውልቁ። እርጥቡን ልብስ ቀይሩ፣ ክንዱን ከሞቀ ገላ ጋር አስጠጉ ወይም ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ ውስጥ ንከሩት። ውሃውን ጤነኛው እጅ ይሞክረው፤ የደነዘዘው አይለይም። ሲሞቅ መቅላቱና ማቃጠሉ የሚጠበቅ ነው።

አትሹት። በበረዶ ማሸትማ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ዛሬም የሚያደርጉት አሉ። እሳትና ማሞቂያ ላይም አታስጠጉት፤ የደነዘዘ ክንዱን ማሞቂያ ላይ አሳርፎ ሳይሰማው ቆዳውን ያቃጠለ አይቻለሁ። አልኮል ያሞቃል የሚባለውም ውሸት ነው፤ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። ሲጋራ ደግሞ ደም ሥሩን ያጠብበዋል። ክንዱ ተመልሶ የሚቀዘቅዝበት ዕድል ካለ ሸፍናችሁ ወደ መጠለያ ድረሱ እንጂ መንገድ ላይ አታሙቁት፤ ቀልጦ ዳግም የበረደ ሥጋ የባሰ ይጎዳል።

ከሞቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ደንዝዞ ከቆየ፣ ከጠነከረ፣ ከጠቆረ ወይም በማግስቱ ውሃ ከቋጠረ ጉዳቱ ቀላል ከሚባለው አልፏል፤ ሐኪም ይየው። የቋጠረውን አታፍርጡ። የዳነው ቦታም ለረጅም ጊዜ ከሌላው ቀድሞ ብርድ ይሰማዋልና ወደ ሥራ ስትመለሱ መጀመሪያ እሱን ሸፍኑ።