ለተበዳዮች ማሳወቂያ አገልግሎት በጀት እንዴት ይጠየቃል? (ለድሬዳዋ ባለሙያዎች)

በእርሷ አቤቱታ የታሰረው ሰው በዋስ መውጣቱን ቀፊራ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ስታገኘው የምታውቅ ተበዳይ፣ ሕጉ ጠበቀኝ አትልም። በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 አንዲት ወጣት የበደላት ሰው መፈታቱ ሳይነገራት በእጁ ከተገደለች በኋላ ነው፣ በ1994 የእስረኛን መፈታት ለተበዳዩ በስልክ የሚያሳውቅ ሥርዓት የተጀመረው።

ድሬዳዋ ላይ ይህን አገልግሎት በመንግሥት በጀት ማስጀመር የሚፈልግ ባለሙያ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ገንዘቡ ከየትኛው ቋት እንደሚወጣ ነው። ፖሊስ ኮሚሽኑ የአስተዳደሩ ነው፤ ዋና ዋና የወንጀል ክሶች የሚታዩት ግን በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሲሆን፣ የእነዚህን በጀት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዘጋጅቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ሁሉንም ጠቅልሎ ለአስተዳደሩ ፋይናንስ ቢሮ ማቅረብ ጥያቄው «የእኛ አይደለም» ተብሎ እንዲመለስ በር ይከፍታል፤ የፖሊስ ጣቢያው ድርሻ ለብቻው ይጠየቅ።

ወጪው ሲሰላ ኮምፒውተሩና ሶፍትዌሩ በካፒታል በጀት (ለዕቃ ግዢና ለግንባታ በሚያዘው) ይደረደሩና የሚያሠራው ሠራተኛ ይረሳል። ወሳኙ ጊዜ የመፈቻ ትእዛዙ ጣቢያ ከደረሰበት አንሥቶ ተጠርጣሪው በሩን እስኪያልፍ ያለው ነው። በዚያች አጭር ጊዜ መዝገቡን ገልጦ የተበዳይዋን ስልክ የሚያገኝ ተረኛ ከሌለ ማሽኑ ብቻውን ምንም አይልክም፤ ስለዚህ የተረኛው ደመወዝና የበዓል ቀን ክፍያ በመደበኛ በጀት (ለደመወዝና ለዕለት ተዕለት ሥራ በሚያዘው) ይያዝ። የመልእክቱ ዋጋ ቀላል ነው፤ በወር 200 ተበዳዮች ተመዝግበው ለእያንዳንዳቸው አራት መልእክት ቢላክ 800 ይሆናል፣ ይህም በአንዱ መልእክት ታሪፍ ይባዛል። ለማያነቡ የድምፅ ጥሪ፣ ለአማርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞና ለሶማሊኛ ደግሞ የትርጉም ወጪ ይታከልበት።

የመልእክቱ ናሙና ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ፦ «የተከታተሉት ጉዳይ ላይ ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ለውጥ አለ፤ ለጣቢያው ይደውሉ።» ስምም ሆነ የወንጀሉ ዓይነት አይጻፍበት፤ ስልኩን የሚያነሣው የተጠርጣሪው ወንድም ሊሆን ይችላልና።

«ከመቀጮ ገንዘብ ይሸፈን» የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋመችው የተበዳዮች ፈንድ በዋናነት ከፌዴራል ወንጀለኞች በሚሰበሰብ ቅጣት የሚሞላ ነው። የእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 102 የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ካሳ ሊያገኝ የማይችል ተጎጂ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመቀጮው እንዲከፈለው ይፈቅዳል እንጂ ለቢሮ ሥራ ማስኬጃ አይሆንም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ማመልከቻው የበጀት ጥሪው (መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥያቄ እንዲያቀርቡ የሚጠየቁበት ደብዳቤ) ሲመጣ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ከእርሱም ጋር ከጣቢያው መዝገብ የተቆጠረ በሦስት ወር ውስጥ በዋስ የተለቀቁ ሰዎች ብዛት፣ የጣቢያው ኃላፊ ፈርሞበት፣ ይያያዝ።