ተማሪዎች ድምፅ፣ ሥዕልና ቪዲዮ በነፃ የሚያዘጋጁባቸው መሣሪያዎች፦ ለመምህራን የቀረበ መመሪያ

ተማሪዎቹ የተማሩትን በራሳቸው ድምፅና ምስል እንዲያቀርቡ የሚፈልግ መምህር አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው «የትኛው መተግበሪያ ይሻላል?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ሆኖ መምጣት አለበት፤ የመጀመሪያው ተማሪው ለማን ምን ሊናገር ነው የሚለው ነው። ስለ ውኃ ዑደት የሁለት ደቂቃ የድምፅ ዝግጅት የምትሠራ ተማሪ ቀረጻዋን መልሳ ስታዳምጥ፣ ተን ቀዝቅዞ ደመና ስለሚሆንበት መንገድ የተናገረችው ነገር የተድበሰበሰ መሆኑን ከማንም በፊት የምትደርስበት እርሷው ናት። ወረቀት ላይ ሳለ ያለፈችውን ክፍተት ጆሮዋ አያልፈውም። መሣሪያው የሚያስፈልገው ለዚህ ስለሆነ፣ በአንድ መንፈቀ ዓመት አንድ ወይም ሁለት ብቻ መርጦ እጅ እስኪለምደው ማሠራት በየሳምንቱ አዲስ መተግበሪያ ከማስተዋወቅ እጅግ ይሻላል።

«ነፃ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚሸፍን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ኦዳሲቲ (ለድምፅ)፣ ጊምፕ፣ ክሪታና ኢንክስኬፕ (ለሥዕል)፣ ሾትከትና ኦፕንሾት (ለቪዲዮ) የምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔትና ያለ አካውንት ይሠራሉ፣ በተማሪው ሥራ ላይም የማንንም ምልክት አያትሙም። ሌሎች ደግሞ መሠረታዊውን በነፃ ሰጥተው ቀሪውን የሚሸጡ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተማሪው ሥራውን ጨርሶ ሊያወጣ ሲል ክፍያ ይጠይቃሉ። ካንቫ መምህርነታቸውን ላረጋገጡ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ለተማሪዎቻቸው በነፃ የሚሰጠው የትምህርት አገልግሎት አለው፤ ለፖስተርና ለስላይድ ምቹ ቢሆንም ኢንተርኔት ከሌለ ሥራው ይቆማል። ማንኛውንም መሣሪያ ወደ ክፍል ከማስገባትዎ በፊት እርስዎ ራስዎ አንድ አጭር ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርተው፣ ፋይሉን አውጥተው፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይዩት።

ከየት ይጀመር ለሚለው፣ በድምፅ እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ። ድምፅ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ፊታቸው እንዲታይ የማይፈልጉ ዓይን አፋር ተማሪዎችን አያስጨንቅም፤ ከሁሉም በላይ በምስል ውበት የሚሸፈን ነገር ስለሌለ የሐሳቡን ጥራት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ኦዳሲቲ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ስለሚሠራ በትምህርት ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ምንም ዓይነት ቢሆን የሚያሳስብ አይደለም።

ጽሑፉ በወረቀት ሳያልቅ ቀረጻ አይጀመር። ተማሪዎቹ ጮክ ብለው በሰዓት እየለኩ ያንብቡት፤ ከተመደበው ጊዜ ካለፈ ይቀነስ። ለዓይን የሚያምር ረጅም ዓረፍተ ነገር አፍ ላይ ትንፋሽ ያሳጥራልና፣ ትንፋሽ የሚወሰድባቸው ቦታዎች በእርሳስ ምልክት ይደረግባቸው። ባዶ አዳራሽ ድምፅን ስለሚያስተጋባ ለቀረጻ አይሆንም፤ መጋረጃ ወይም በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ያለበት ትንሽ ክፍል ይመረጣል። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ጥቂት ወደ ጎን ዘወር ይበል፤ እንደ «ፐ» እና «በ» ያሉ ፊደላት ሲነገሩ የሚወጣው ትንፋሽ በቀጥታ ካገኘው ቀረጻውን የሚያበላሽ ጉምታ ይፈጥራል።

ኦዳሲቲ ተከፍቶ ቀዩ ክብ ሲጫን ቀረጻው ይጀምራል። ተማሪው ወዲያው አይናገር፤ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ይበል፣ ይህች ዝምታ በኋላ ትፈለጋለች። ሲሳሳትም ቀረጻውን አያቋርጥ፤ አንድ ጊዜ አጨብጭቦ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይድገም። ጭብጨባው በድምፅ ሞገዱ ላይ እንደ ሹል እሾህ ብቅ ብሎ ስለሚታይ የሚቆረጠው ቦታ ብዙ ሳይፈለግ ይገኛል። ስህተቱ ከጀመረበት እስከ ጭብጨባው ማብቂያ ድረስ በማውዝ ተመርጦ ዲሊት ይጫናል፤ ከሚገባው በላይ ከተቆረጠ ኮንትሮልና ዜድ አንድ ላይ ሲጫኑ የጠፋው ይመለሳል። የማራገቢያ ወይም የኮምፒውተር ጩኸት ከተሰማ የመጀመሪያዋን ዝምታ ብቻ መርጦ፣ በኤፌክት ዝርዝር ውስጥ ኖይዝ ሪዳክሽን የሚለውን ከፍቶ፣ ጌት ኖይዝ ፕሮፋይልን መጫን ነው፤ ቀጥሎ ሙሉው ቀረጻ ይመረጥና ያው መስኮት እንደገና ተከፍቶ ኦኬ ይባላል። ሶፍትዌሩ የጩኸቱን ጠባይ ከዝምታዋ ለይቶ ከቀረው ድምፅ ላይ ይቀንሰዋል። ይህን ሲያበዙት ተናጋሪው በቱቦ ውስጥ የሚያወራ ስለሚመስል ተማሪዎቹ በመጠኑ እንዲጠቀሙበት ይንገሯቸው።

ጀማሪዎችን ሁልጊዜ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ኦዳሲቲ ላይ «ሴቭ» ሲባል የሚቀመጠው ሥራውን ለመቀጠል የሚያገለግለው የፕሮጀክት ፋይል ነው፤ ለአድማጭ የሚሰጠው ግን ኤክስፖርት ተደርጎ የሚወጣው ነው። ሲዲ ጥራት ያለው ስቴሪዮ ዌቭ ፋይል ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ፣ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ደግሞ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ለንግግር ኤምፒ3 ይበቃል። ማይክሮፎን ከሌለ በስልክ መቅረጽ ይቻላል፤ ብዙ ስልኮች ኤም4ኤ በተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት ስለሚቀርጹ ግን ኦዳሲቲ ፋይሉን ለመክፈት ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን ነፃ ተጨማሪ ሶፍትዌር ሊፈልግ ይችላል፤ አስቀድመው ይጫኑት።

ለሥዕል የሚሆኑት መሣሪያዎች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ በእጅ ለመሳል ክሪታ፣ ፎቶ ለማስተካከል ጊምፕ፣ አርማና ንድፍ ለመሥራት ኢንክስኬፕ። ከነጠላ ሥዕል ይልቅ ግን ብዙ የሚያስተምረው ፎቶዎችን በመደርደር የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ስቶፕ ሞሽን፣ ይመስለኛል። የዘር ማቆጥቆጥን በሸክላ ጭቃ የሚያሳይ ቡድን በስልክ ላይ የሚሠራውን የስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ ነፃ ቅጂ መጠቀም ይችላል። በሰከንድ 12 ፎቶ ቢታሰብ ለአሥር ሰከንድ 120 ፎቶ ያስፈልጋል፤ ይህን ስሌት ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት፣ የታሪኩን ርዝመት በዚያው ይወስናሉና። ስልኩ በመጻሕፍት መካከል ተደግፎ ሥራው እስኪያልቅ ከቦታው አይነቃነቅ፤ የመስኮት ብርሃን ደመና በመጣ ቁጥር ስለሚለዋወጥ መጋረጃው ተዘግቶ በመብራት ይሠራ። አንዱ ጭቃውን ያንቀሳቅሳል፣ ሁለተኛው እጅ ከምስሉ መውጣቱን አይቶ ፎቶ ያነሣል፣ ሦስተኛው ይቆጥራል። ሥሩ ከቡቃያው ቀድሞ መውጣቱን የረሳ ቡድን ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ማንሣት ግድ ስለሚሆንበት፣ ያንን ቅደም ተከተል ከዚያ በኋላ አይስተውም።

ለቪዲዮ ቅንብር ሾትከት ወይም ኦፕንሾት ይበቃል። በየትኛውም ቢሠራ የሚቀረጹት ትዕይንቶች ዝርዝር በወረቀት ይጻፍ፤ ስልኩ አግድም ይያዝ፤ እያንዳንዱ ቀረጻ ከተፈለገው ሦስት ሰከንድ ቀድሞ ይጀምርና ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ ያብቃ። በአንድ ወቅት ተማሪዎቼ ሦስት ሳምንት የደከሙበትን ሥራ በፍላሽ አምጥተው ስንከፍተው ባዶ መስመሮች ብቻ ታዩን። የቪዲዮ ማቀናበሪያ የፕሮጀክት ፋይል ቪዲዮዎቹ የት እንደተቀመጡ ብቻ እንጂ ቪዲዮዎቹን ራሳቸውን እንደማይዝ ያን ጊዜ አላስረዳኋቸውም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ሳይቆረጥ በፊት አንድ ፎልደር ይከፈታል፣ ቪዲዮው፣ ሙዚቃው፣ ፎቶውና የፕሮጀክት ፋይሉ በዚያ ይቀመጣል፣ ሲዘዋወርም ፎልደሩ ሙሉ በሙሉ ይዘዋወራል። በቪዲዮው ላይ የአማርኛ ርዕስ ሲጻፍ በፊደላቱ ምትክ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው፤ ነፃ የሆኑትን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭኖ መምረጥ ችግሩን ይፈታል።

ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 16 ለሆኑት እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ የወጣው ስክራች አለ፤ ተማሪው የትእዛዝ ብሎኮችን እየገጣጠመ የሚንቀሳቀስ ታሪክና ጨዋታ ይሠራበታል፣ ገጹም በአማርኛ ሊሆን ይችላል፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቅጂም አለው።

የሌላ ሰው ሥራ መጠቀም ጊዜ ተሰጥቶት ሊታይ የሚገባው ነው። ፎቶ በኢንተርኔት ላይ መገኘቱ መጠቀምን አይፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ዊኪሚዲያ ኮመንስ በርካታ ፎቶ፣ ድምፅና ቪዲዮ ከነፈቃዱ ይዟል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉት ፈቃዶች ባለቤቶች ሥራቸውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚፈቅዱባቸው ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሲሲ ዜሮ ያለ ቅድመ ሁኔታ መጠቀምን ሲፈቅድ፣ ሲሲ ባይ የባለቤቱን ስም መጥቀስን ያስገድዳል፤ ኤስኤ ሲጨመርበት ከእርሱ ተነሥቶ የተሠራው አዲስ ሥራ በዚያው ፈቃድ እንዲሰራጭ፣ ኤንሲ ሲጨመርበት ለንግድ እንዳይውል፣ ኤንዲ ሲጨመርበት ተለውጦ እንዳይሰራጭ ያዛል። ተማሪዎቹ ፎቶውን ባወረዱበት ደቂቃ የባለቤቱን ስም፣ ፈቃዱንና የተገኘበትን ገጽ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ያስፍሩ፤ በመጨረሻው ቀን ፈልጎ ለማግኘት መሞከር አድካሚም አስተማማኝ ያልሆነም ነው።

ብዙ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ዕድሜያቸው ከ13 በታች ለሆኑ ልጆች አካውንት መክፈትን አይፈቅዱም፤ ስለዚህ ለትናንሾቹ በኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠሩትን መሣሪያዎች ይምረጡ። የልጆች ፊትና ድምፅ ያለበት ሥራ ከክፍል ውጭ የሚሰራጭ ከሆነ የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ አስቀድሞ ይገኝ፤ ልጁ ራሱም እምቢ የማለት መብት ይኑረው።

ውጤት ሲሰጡ የቅንብሩን ማማር ብዙ አይመዝኑ፤ የወረቀቱ ጽሑፍ፣ የመረጃው ትክክለኛነትና በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቅጂ መካከል የታየው መሻሻል ይበልጥ ይያዙ። ሥራዎቹ በክፍል ውስጥ በሚቀርቡበት ቀን እያንዳንዱ አድማጭ ነገሩ ያልገባውን አንድ ቦታ በብጣሽ ወረቀት ይጻፍ፤ ተማሪው በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ብዙዎች የጠቀሱትን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደገና ጽፎ ይቅረጸውና በአሮጌው ቦታ ያስገባው።