ተፎካካሪ የሆነችን ቅንጡ የኤሌክትሪክ መኪና በድሬዳዋ መንገድ እንዴት መፈተሽ ይቻላል?

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ መኪና ለመለወጥ የሚያስብ ሰው የሚያነጻጽረው ኤሌክትሪክን ከኤሌክትሪክ ጋር እየሆነ መጥቷል። ይህን የምጽፈው የራሱን የኤሌክትሪክ መኪና እየነዳ የሌላ ሰው ቅንጡ መኪና ለአንድ ቀን እጁ ለገባችለት አንባቢ ነው። እኔ የምነዳው የቻይናውን ቢዋይዲ ሃን ሲሆን፣ የሞከርኳት ደግሞ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና አስጭኖ ያመጣትን መርሴዲስ ኢኪውኤስ 450 ፕላስ ነው። ቁልፉን ሲሰጠኝ፣ እንደ ድሬ ልጅነቱ ሳይግደረደር፣ «በል ከዚራን አንዴ ዞረህ ና» አለኝ። እኔ ግን ከዚራን መዞሩን ትቼ በሐረር መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት እንድወጣ ለመንኩት። ከዚራ የተባለው የድሬ ሰፈር ሜዳ ነው፤ ዛፉ ጥላ ይሰጣል፣ መንገዱም ሰፊ ነው፤ እዚያ የማትጣፍጥ አዲስ መኪና የለችም።

ከሁሉ በፊት የራስዎን መኪና ቁጥር ይያዙ። ከመሞከርዎ አንድ ቀን ቀድመው በራስዎ መኪና ከድሬዳዋ ሐረር ደርሰው ይመለሱ፤ መንገዱ በአንድ በኩል 55 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ሲነሱ፣ ዳገቱን ሲጨርሱ፣ ሐረር ሲደርሱና ድሬ ሲመለሱ ባትሪው ላይ የቀረውን ይመዝግቡ። በማግስቱ ሌላዋን መኪና በዚያው ሰዓት፣ በዚያው የተሳፋሪ ብዛትና በዚያው የማቀዝቀዣ መጠን ይንዱ። የድሬ የጠዋት አየርና የቀትር አየር ለባትሪም ለማቀዝቀዣም አንድ ስላልሆነ፣ ሰዓቱ ከተለያየ ንጽጽሩ ይበላሻል።

በመቶኛ የሚታየውን ቁጥር ግን እንዳለ አይውሰዱት። አንድ ቶን ክብደት 1000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ከድሬ እስከ ሐረማያ አምባ ያለውን ከፍታ 800 ሜትር ብለን ብንይዝ፣ 2.5 ቶን የምትመዝነው ኢኪውኤስ ለከፍታው ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ 2.1 ቶን የምትሆነው የእኔዋ ደግሞ 4.6 ገደማ ትፈልጋለች፤ የጎማው ሰበቃና የአየሩ ግፊት የሚበሉት ኃይል በዚህ ላይ ይደመራል። ሆኖም የኢኪውኤስ ባትሪ 107.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ የእኔዋ 76.9 ስለሆነ፣ ስክሪኑ ላይ በከፍታው ምክንያት የሚጎድለው በእሷ 5፣ በእኔዋ 6 በመቶ ይሆናል። ብዙ የበላችው መኪና ትንሽ የበላች መስላ ትታያለች ማለት ነው። ስለዚህ መቶኛውን በባትሪው መጠን አባዝተው ወደ ኪሎዋት ሰዓት ይለውጡት፤ ሒሳቡን ለማስላት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሻይ ከመጠጣት አይበልጥም።

ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት መኪናዋን እኩለ ቀን ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ያቁሟት። ከዚያ ገብተው በሩን ይዝጉና መዳፍዎን ከጣሪያው መስታወት ሥር ይያዙ። ጣሪያው መጋረጃ ቢኖረውም ሙቀቱ ወደ መዳፍዎ የሚወርድ ከሆነ፣ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት እናትዎ ስለ መኪናዋ የሚሰጡት ፍርድ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ማቀዝቀዣው ቤቱን ለማብረድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበትም ሰዓት ይያዙ። የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ይቀመጡ፤ ባትሪው ወለል ሥር ስለሚቀመጥ በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ጉልበት ከፍ ብሎ ጭን ከወንበሩ ይለቃል፤ ይህ ደግሞ የሚታወቀው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

ሐረር ሲደርሱ ፈተናው የስፋትና የከፍታ ይሆናል። ኢኪውኤስ ከ5.2 ሜትር በላይ የምትረዝም ብትሆንም የኋላ ጎማዎቿም ስለሚታጠፉ፣ እንደ ርዝመቷ አታስቸግርም፤ በዚህ ቀናሁ። በአየር የሚሠራው ሞላዋም በዝግታ ሲነዳ መኪናዋን 25 ሚሊሜትር ከፍ ያደርጋታል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሆድን ከመፋቅ ያድናል። አወዳይ ላይ፣ ጫት የጫኑና የሚያራግፉ መኪኖች መንገዱን ሲያጣብቡት፣ በዝግታ የመሄድ ልስላሴዋን መለካት ይቻላል። ድምፅ አልባነቷ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በዝግታ ስትሄድ ከምታሰማው ሰው ሠራሽ ድምፅ ይልቅ የገበያው ጫጫታ ይበልጣልና፣ ጀርባውን የሰጠ እግረኛ ሰምቷል ብለው አይመኑ። በጀጎል ውስጥ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ባገኘው «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ አጠገብ፣ ምንም ሳይሰማ የሚያልፍ መኪና ውስጥ መቀመጥ ለእኔ እንግዳ ስሜት ነበረው።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ፤ ሐረር ላይ ባትሪውን ሞልተው ቁልቁለቱን አይጀምሩ። መኪናዋ ስትወርድ ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ እየያዛት ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ ስለሌለው፣ ክብደቱን የሚይዘው የፍሬን ሸራው ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላውቅ መቶ በመቶ ሞልቼ ደንገጎን ስወርድ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ዳር ይዤ ቸርኬው እስኪበርድ ቆምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እንደ እኔዋ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ያላትን መኪና የሚነዳ ሰው በየጊዜው እስከ መቶ እንዲሞላ ስለሚመከር ይህ ልማድ በቀላሉ ይይዘዋል። ልማዱን ድሬ ላይ ይጠቀሙበት፤ ሐረር ላይ ግን 80 በመቶ ይበቃል።

ኢኪውኤስ ላይ ሞተሩ መኪናዋን የሚይዝበትን ኃይል ከመሪው ጀርባ በጣት በሚሳቡ ሁለት ማንሻዎች መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ኃይሉ ሲበረታ የፍሬን ፔዳሉ ራሱ ዝቅ ስለሚል፣ እግርዎ ከለመደው ቦታ ያጣዋል። ይህን ሜዳ ላይ ሳይለማመዱ ቁልቁለት አይግቡ። እኔ ሦስት ጊዜ ያህል እግሬ ፔዳሉን ሲፈልግ ባዶ ቦታ አገኘሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ኩርባዎቹን በጣቴ ብቻ እየያዝኩ ወረድኩ። እንዲህ ያለ ምቾት በእኔዋ የለም።

ስለ ቻርጅ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው የሶኬቱ ዓይነት ነው፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢቲ፣ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠሩት ሲሲኤስ 2 ስለሚጠቀሙ፣ የእርስዎ ፈጣን ቻርጀር ለአዲሷ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው የቤትዎ መስመር ነው። በተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎዋት ስለሚገባ፣ ያን ትልቅ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ሳይጠፋ። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር እንኳ 16 ሰዓት ገደማ ነው።

በመጨረሻ የእርስዎን መኪና ለዚያች መኪና ባለቤት ሰጥተው ሲነዳት ዝም ብለው ይመልከቱት፤ የሚያየው የራሱን መኪና ጉድለት ነው። የኢኪውኤስ ኮፈን ባለቤቱ እንዲከፍተው አልተሠራም፤ የመስታወት ውኃ የሚሞላው በግራ የፊት ጎማ አጠገብ ባለ ትንሽ ክዳን ነው። የባለቤቴ ወንድም ሃኗ ውስጥ ገብቶ ስክሪኑን እንኳ ሳይነካ ወረደና ኮፈኑን ከፈተው፤ የደንገጎን አቧራ በጣቱ እየጠረገ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው።