ጎርፍ መሃል ቀጥ ያለች መኪና፦ ቁልፉን አትንካ

ነሐሴ ነበር። ከተማው ውስጥ ካፊያ ብቻ ነው ያለው። ግን አዳማን የሚያውቅ ያውቃል፤ ጎድጓዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዙሪያዋን ባሉት ኮረብቶች ላይ የወረደ ዶፍ ተንከባሎ እሷ ጋ ነው የሚመጣው። ፍራንኮ አካባቢ ስደርስ መንገዱ ቡናማ ወንዝ ሆኗል። ከፊቴ አንድ ባጃጅ ውሃውን እየሰነጠቀ ሄደ። ባጃጅ ካለፈ እኔን ምን ይይዘኛል ብዬ ተከተልኩት። ባጃጁ አለፈ። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ።

ኮሮላዬ ሞዲፋይ የተደረገች ናት። ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ ብላለች። ማርሚታዋ ተቀይሯል። የአየር ፊልትሮዋ ከቦታው ወጥቶ ከፓራውልቱ (ከፊት መከላከያው) ጀርባ ታች ወርዷል። ድምፅዋ ያምር ነበር፣ አልዋሽም።

ወዲያው ጎረምሶች ከበቡኝ። «ሁለተኛ አስገባ! ገፍተን እናስነሳልህ!» ደግነታቸው ነው። ግን ያን ቀን እሺ ብላቸው ኖሮ ሞተሬን የሚገድለው ጎርፉ ሳይሆን ግፊያው ነበር።

እንዴት ነው የቆመችው?

መጀመሪያ ይህን አስታውስ። እያሳላት፣ እየተርገፈገፈች፣ ጉልበቷ ቀስ በቀስ እየከዳት ከሆነ የቆመችው ጥርጣሬው ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። የካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ገመድ ወይም ለካንዴላው ኃይሉን የሚልከው ኮይል ረጥቧል። ሞዲፋይ መኪና ላይ ደግሞ ለጥሩምባ፣ ለተጨማሪ መብራት፣ ለቴፕ ተብሎ የተቀጠለ ሽቦ አይጠፋም፤ አብዛኛው በናስትሮ ተጠቅልሎ የተተወ ነው። ይሄ ሲደርቅ የሚድን በሽታ ነው። አድርቀው፣ ቅጥያውን በወጉ አሠራው።

ነዳጅ እየሰጠሃት አንዴ «ጓ!» ብላ ቀጥ ካለች ግን ሌላ ነገር ነው። ሳል የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ውሃ በአየር መግቢያው ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል ብለህ አስብ። ከዚያ ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) «ጧ» ብሎ ዝም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ባትሪ ወርዷል» ብሎ ኬብል ፍለጋ ይሮጣል። መብራቱ ደምቆ እየበራ፣ ጥሩምባው እየጮኸ ሞተሪኖው ብቻ እምቢ ካለ ባትሪውን ተወው።

ግማሽ ሲኒ ውሃ

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ባለ 4 ሲሊንደር 1300 ሲሲ ሞተር ለአንድ ሲሊንደር 325 ሲሲ ይደርሰዋል። ጭመቱ 10 ለ 1 ነው ብንል፣ ፒስተኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ ላይና ታች የሚመላለሰው ብረት) ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ክፍተት 36 ሲሲ ገደማ ነው። የቡና ሲኒ ግማሽ ማለት ነው። አየር ይታመቃል። ውሃ አይታመቅም። ከዚያች ግማሽ ሲኒ ካለፈ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ግድግዳ ይገጥመዋል። ከታች ደግሞ የሚሽከረከረው ዘንግ አሁንም ይገፋዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ክንድ ቢየላ ነው። መሃል ገብቶ የሚጎብጠው እሱ ነው።

በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ በሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) እየሄድክ ውሃ ከገባ ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋና ጉዳት ላይደርስበት ይችላል። በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ከሆንክ ግን እያንዳንዱ ፒስተን በሴኮንድ 25 ጊዜ ነው የሚያምቀው። ቢየላው ተሰብሮ ሞኖብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) በስቶ ሊወጣ ይችላል። ናፍጣ ላይ ይብሳል። ጭመቱ ከፍተኛ ስለሆነ፣ በእኩል ሲሊንደር ብናወዳድር፣ ክፍተቱ ወደ ግማሹ ይጠጋል።

እንግዲህ ግፊያውን አስበው። ሞተሪኖም ቢየላ ማጉበጥ ይችላል፤ ግን አቅሙ ውስን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ተሸንፎ ይቆማል። አንድ ቶን መኪና በአራት ጎረምሳ ተገፍቶ ፍሪሲዮን በሁለተኛ ማርሽ ሲለቀቅ ግን ያ ሁሉ ክብደት ቢየላዋ ላይ ያርፋል። ከጎርፍ በሰላም የወጣ ሞተር ደረቅ አስፋልት ላይ ይሰበራል።

በየት ገባ?

ፋብሪካው አየር መግቢያውን ከፍ አድርጎ፣ ከኮፋኖው ሥር ራዲያተሩ አናት አካባቢ ነው የሚያስቀምጠው። እኛ ሳጥኑን አውጥተን እንጥልና ኮን ፊልትሮ እንገጥማለን። ቀዝቃዛ አየር እንዲያገኝ ብለን ደግሞ ወደ ታች እናወርደዋለን። ሐሳቡ ስህተት የለበትም፤ ቀዝቃዛ አየር የተሻለ ጉልበት ይሰጣል፣ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ሞተሩም ያመሰግንሃል። ችግሩ ከፍታው ነው። የኔን ኋላ በሜትር ስለካው ከመሬት 28 ሳንቲም ላይ ነበር። ከጎማዬ ግማሽ በታች!

ዝቅ ያለች መኪና ደግሞ ውሃውን እንደ አካፋ ትገፋዋለች። ቆሞ ሲታይ ጉልበት የማይደርስ ውሃ ከፊትህ ተቆልሎ ፓራውልቱ ላይ ይወጣል። ከጎን አንድ አይሱዙ ቢያልፍ ማዕበሉ ለብቻው ይበቃሃል።

ፒክአፕ ያላቸው «እኔ ስኖርክል አለኝ» ሲሉ እሰማለሁ። ስኖርክል አየር ከላይ የሚስብ ቱቦ ነው፤ ግን ጣሪያ ቢደርስም ታች መገጣጠሚያው ካልታሸገ ጌጥ ነው። ሞተሩን በሚኒሞ አስነሳና የስኖርክሉን አፍ በመዳፍህ ግጥም አድርገህ ዝጋ። ሞተሩ ታፍኖ ከጠፋ ታሽጓል። ዝም ብሎ ከሠራ ከሌላ ቦታ እየተነፈሰ ነው፤ በዚያው ቀዳዳ ውሃም ይገባል።

ቆመሃል፣ አሁንስ?

ለማስነሳት አትሞክር፤ ሲገፉህ መሪው እንዳይቆለፍ ግን ቁልፉን ገና አትንቀለው። ጎረምሶቹን አመስግነህ እንዲገፉህ ጠይቅ፤ ግን ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ እስከ ደረቅ መሬት ብቻ። ከዚያ ቁልፉን ንቀልና ኪስህ ክተት፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ፊልትሮውን አውጥተህ ጨብጠው። ደረቅ ከሆነ ተስፋ አለ፣ ወደ ኤሌክትሪኩ ተመለስ። ከተጨመቀ ውሃ የሚያወርድ ከሆነ ወይም ቱቦው ውስጥ ጭቃ ካለ፣ ጎታች መኪና ጥራ። የዘይት መለኪያውንም ሳብ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ተቀላቅሎበታል።

ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ለራስህ ሞተር አይከፍልም። ሙሉ ያለህ ከሆነ ምንም ሳይፈታ ፎቶ አንሳና ደውል።

ጋራዥ

የኔ መካኒክ ሼባ ነው። ገና ሳይመረምር እጁን ዘረጋ። «ልጄ፣ ቁልፉን ወዲህ በል።» ተቀብሎ ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው። «ከዚህ በኋላ ማንም አያስነሳትም።»

አራቱንም ካንዴላዎች ፈታ። ኮይሉን ነቀለ፣ የነዳጅ ፓምፑንም ሪሌ አወጣ። ከዚያ ከፊት ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ ብሎን በቁልፍ ይዞ ሞተሩን በራሱ የመዞሪያ አቅጣጫ በእጁ ቀስ ብሎ አዞረው። ሙሉ ሁለት ዙር። እጅ ላይ እምቢ ካለ አይታገሉትም፤ ይከፈታል። የኔ ዞረ። ከዚያ በኋላ ነው በሞተሪኖ ያዞረው። «ጋሼ፣ ልጠጋ?» ስለው በክርኑ ገፋኝ። ከሦስተኛው ሲሊንደር የወጣው ውሃ የኮፋኖውን ሆድ በጥፊ መታው። ነዳጅም ስላለበት አካባቢው ላይ ሲጋራ አይጨስም። ናፍጣ ከሆነ ካንዴሌታው (ማሞቂያው) ወይም ኢንጀክተሩ (ነዳጅ ረጪው) ነው የሚፈታው።

ቀጥሎ ያደረገውን እስካሁን አልረሳውም። ከቀርከሃ መጋረጃ ቀጭን ዘንግ ነቀለ። በየካንዴላው ቀዳዳ እያስገባ፣ ፒስተኑን ጫፍ እያደረሰ፣ የቀረውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ምልክት ያደርጋል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ እኩል። ሦስተኛው ላይ ዘንጉ ጠለቅ አለ፤ ወደ 2 ሚሊ ሜትር። «አጠረች» አለ። ቢየላዋ ስለጎበጠች ፒስተኑ እኩዮቹ የደረሱበት አይደርስም። የኮምፕሬሽን መለኪያውም አረጋገጠ። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ ዝቅ ካለ መጠርጠር ይገባል።

አራቱም እኩል ቢሆኑ ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረጋል፣ የሞተር ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው ይቀየራል፣ ሴንሰሮቹ ይደርቃሉ፣ ከዚያ ይነሳል። ዘይቱ እንደገና ከነጣ ደግሞ ይቀየራል። ግን በዚያው ቀን ይሁን። «ነገ እናየዋለን» የተባለ እርጥብ ሲሊንደር ዝገት ይጀምረዋል።

የጎበጠች ቢየላ አቅንተን እንመልስልህ የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። ትቀየራለች፣ ብሮንዚናዋም (ዘንጉን የምታቅፈው ስስ ብረት) አብሮ። የሲሊንደሩ ግድግዳ ተጭሮ እንደሆነ ይታያል፣ የታችኛው ዘንግ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይለካል። ሞኖብሎኩ ከተበሳ ያገለገለ ሞተር መግዛት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ ስላለ እሱም መስተካከል አለበት።

ተነስታለች፣ ግን...

በጣም የሚሸውደው ይሄ ነው። ትንሽ ብቻ የጎበጠች ቢየላ ሞተሩን ላታቆመው ትችላለች። በሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ከሳምንታት በኋላ ሲሞቅ «ቷ ቷ ቷ» ይላል። ፒስተኑ ተንጋዶ ግድግዳውን እየፋቀ ነው። ቴፑን ከፍ በማድረግ አይድንም። ሲሰበር ሞኖብሎኩን ይዞ ይሄዳል።

የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትም ይታይ፤ ውሃ በመተንፈሻው ሊገባ ይችላል። ጎማ አካባቢ «ውውው» የሚል ድምፅ ከመጣ ኩሽኔታ (የጎማው መሽከርከሪያ ቤሪንግ) ነው።

የፋብሪካውን የአየር ሳጥን ድሮ ስለጣልኩት ያገለገለ ፈልጌ ገዛሁ። አየር መግቢያው አሁን ከመሬት 71 ሳንቲም ላይ ነው። ድምፅዋ ተራ ሆኗል። ኮን ፊልትሮዋ መኝታ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ናት፤ እጥፋቶቿ መሃል የፍራንኮ ጭቃ አሁንም አለ።