ስፖርት መኪና ላይ የፊት ሊፕ ቤት ውስጥ ስንገጥም የምንሠራቸው ስህተቶች

ከቶዮታ ሴሊካችን የፊት ባምፐር ሥር የለጠፍነው ሊፕ የወለቀው ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስንሄድ ነው። መጀመሪያ ከመኪናው ሥር የሚርገበገብ ድምፅ ሰማን። ቀጥሎ አንድ ጊዜ «ጧ!» አለና ጸጥ አለ። ወንድሜ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ወርደን ስናይ ሊፑ የለም። ወደ ኋላ ልንመለስ ስንል አንድ እረኛ ልጅ ሊፑን በሁለት እጁ አቅፎ እየሮጠ ደረሰ። «ጋሼ፣ ይችን ጥላችሁ ነው» አለኝ።

አመስግኜ ተቀበልኩትና ገልብጬ አየሁት። ማጣበቂያው ፕላስተር አልተበጠሰም። ከዳር እስከ ዳር ሊፑ ላይ አለ። ላዩ ላይ ግን እንደ ዱቄት የደቀቀ ቡናማ አቧራ ለብሷል። ፕላስተሩ ባምፐሩን አልያዘም ማለት ነው። የያዘው አቧራውን ነበር። የገጠምነው እኔና ወንድሜ ነን፤ ባሕር ዳር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ።

ከዚያ ወዲህ ለጓደኞቼ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ገጥሜያለሁ። መኪናው ሴሊካም ሆነ ያሪስ፣ ስህተቶቹ ያው ናቸው። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚጠፋው ባለማወቅ ሳይሆን በጥድፊያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለማያውቀው፣ ሊፕ ማለት ከፊት ባምፐር የታችኛው ጠርዝ ላይ የሚጨመር ቀጭን ቁራጭ ነው። ስፖይለር የሚሉትም አሉ። ከመኪናው ሥር የሚገባውን አየር ይቀንሳል። በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ አፍንጫው ወደ ላይ እንዳይቀል ይረዳል። በሰዓት 60 እና 80 ለምንነዳው ግን ጥቅሙ በአብዛኛው ውበት ነው። መኪናውን የሚወድ ሰው ደግሞ ውበቱ እንዲሁ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

መንገዱን ሳይለኩ ሊፕ መግዛት

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ሊፑ ገና ሳይገዛ ነው። ሰው ፎቶ አይቶ ያዝዛል። ፎቶው ላይ ያለው መኪና የቆመው እንደ መስታወት በተለሰለሰ አስፋልት ላይ ነው። የእኛ መኪና ግን 380 ሜትር በሚረዝመው አዲሱ የባሕር ዳር ዓባይ ድልድይ ላይ ተንሸራቶ ካለፈ በኋላ ኮብልስቶን ሰፈር ውስጥ ይገባል። ከዚያ የግቢ በር አለ። በሩ ፊት የጎርፍ ቦይ፣ ቦዩ ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ የተሠራ የሲሚንቶ መሻገሪያ አለ። እኔ ካየኋቸው የተሰበሩ ሊፖች አብዛኞቹ የተሰበሩት ዋና መንገድ ላይ አይደለም። እዚህች መሻገሪያ ላይ ነው።

ለመለካት አንድ መለኪያ ሜትር ይበቃል። ሁለት ቁጥር ያዙ። አንደኛው ከመሬት እስከ ባምፐሩ የታችኛው ጠርዝ ያለው ከፍታ ነው። ሁለተኛው የፊት ጎማው መሬት ከሚነካበት እስከ ባምፐሩ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ከፍታው 17 ሳንቲ ሜትር፣ ርቀቱ 85 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ይህ መኪና በአንድ ሜትር ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚነሳ ዳገት ሳይነካ ይጀምራል። 6 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ሊፕ ስትጨምሩበት ከፍታው 11 ይሆናል። አሁን የሚችለው በአንድ ሜትር 13 ሳንቲ ሜትር የሚነሳውን ነው። ሊፑ ወደ ፊትም ስለሚወጣ በተግባር ከዚያም ያንሳል።

ልኩ ባዶ መኪና ላይ ከተወሰደ ደግሞ ያታልላል። አራት ሰው አስቀምጡ፣ ነዳጁን ሙሉት፣ ከዚያ ለኩ። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው እንደሚደፋም አትርሱ። ስፒድ ብሬከር ላይ የምንደርሰው ፍሬን ይዘን ነውና።

አሁን ማንም ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምነግረው የካርቶኑን ነገር ነው። ልትገዙት ያሰባችሁት ሊፕ በሚወርድበት ልክ ካርቶን ቁረጡ። ባምፐሩ ሥር በፕላስተር ለጥፉት። ከዚያ አንድ ሳምንት እንደ ወትሮው ንዱ፤ ገበያም፣ ሥራም፣ ዘመድ ቤትም። በሳምንቱ መጨረሻ ካርቶኑ ከተላላጠ ሊፑም እንደዚያው ይሆናል። አጠር ያለውን ግዙ።

ርካሹን ፋይበር ግላስ መምረጥ

ፋይበር ግላስ ሲያዩት ያምራል፣ ቀለምም ደህና ይይዛል። ግን ግትር ነው። አንዴ ድንጋይ ሲነካው ይሰነጠቃል። ካርቦን ፋይበርም ከዚህ በጣም የራቀ አይደለም፤ ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው። ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ መሐል ላይ ነው። ለእኛ መንገድ የምመክረው ፖሊዩሬታን ነው። እንደ ጎማ ይታጠፍና ይመለሳል። ያ የእረኛው ልጅ ሊፕ አስፋልት ላይ ተንከባሎ አንድ ጭረት ብቻ ይዞ የተረፈው ፖሊዩሬታን ስለነበረ ነው።

ሳይሞክሩ ቀለም ማስቀባት

ይሄ አጭር ነው። መጀመሪያ ገጥማችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ቀለም ቤት ውሰዱት። ቀለም ከተቀባ በኋላ አልገጥምም ቢል መሞረድም መመለስም አይቻልም። ለፖሊዩሬታን ደግሞ ቀለሙ ውስጥ እንዲተጣጠፍ የሚያደርግ ማለስለሻ እንዲጨመርበት ንገሯቸው። ያለዚያ ሊፑ ሲታጠፍ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል።

ሊፑ ከካርቶኑ ሲወጣ ተጣሞ ታዩት ይሆናል። ታጥፎ ስለመጣ ነው። በጉልበት አታቃኑት። ደልዳላ መሬት ላይ አንጥፋችሁ የቀትር ፀሐይ አስመቱት። ካልበቃው የፀጉር ማድረቂያ ፎን ያለሰልሰዋል። እሳት ግን አታስጠጉት።

ቆሻሻ ላይ መለጠፍ

ወደ እኛ ጥፋት መጣሁ። እኛ ባምፐሩን አጥበነው ነበር። ከዚያ አንድ ሰው «በቤንዚን ጥረጉት፣ ቅባቱን ይበላዋል» አለን። ጠረግነው። ቤንዚን ሲደርቅ ስስ የቅባት ሽፋን ትቶ ይሄዳል። ቀለሙንም ይጎዳል። ግቢያችን አፈር ነው። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ነፋስ አለ፣ አቧራው ይነሳል። የፕላስተሩን መሸፈኛ ቀይ ላስቲክ ልጠን ሊፑን ከመሬት እስክናነሳ ድረስ አቧራው ቀድሞን ለጥፏል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ይድረቅ። ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በንጹሕ ነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ ጥረጉ። ጨርቁን እያገላበጣችሁ ነጩ ነጭ ሆኖ እስኪቀር ድገሙት። መኪናው በቅርቡ ሰም ተቀብቶ ከሆነ በተለይ በደንብ ጥረጉት፤ ሰም ላይ የሚይዝ ፕላስተር የለም። ከዚያ በኋላ ቦታውን በጣት አትንኩት። መሬቱን ውሃ ረጭታችሁ አቧራውን አስተኙት። መሸፈኛውን የምትልጡት ሊፑ ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ፣ በትንሽ በትንሹ ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የብዙ ባምፐሮች የታችኛው ጠርዝ ቀለም ያልተቀባ ጥቁር፣ ሸካራ ፕላስቲክ ነው። ማጣበቂያ ቀለም የተቀባው ላይ በደንብ ይይዛል። ይሄ ጥቁሩ ላይ ግን ቀድሞ የሚቀባ ማያያዣ (ፕራይመር) ከሌለ ቶሎ ይለቃል። በጣታችሁ ዳሱት። ሸካራ ከሆነ ፕላስተሩን አትመኑት።

ብርድና ጥድፊያ

ጥሩው ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ የአረፋ ፕላስተር ወዲያው የያዘ ይመስላል። ግን ገና ነው። በ21 ዲግሪ አካባቢ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚደርሰው የጉልበቱ ግማሽ ላይ ነው። በ24 ሰዓት 90 በመቶ ይሆናል። ሙሉ የሚሆነው በ72 ሰዓት፣ ማለትም በሦስት ቀን ነው። ከብርድ ጋር ደግሞ አይስማማም። ከ10 ዲግሪ በታች ባይሞከር ይሻላል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ነው፤ እንጅባራም ከዚያ አታንስም። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት መኪናውን ብትነኩት ብረቱ እንደ በረዶ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥሩ። ባምፐሩንም ሊፑንም ፀሐይ አስሙቁ። ለጥፋችሁ ስትጨርሱ እያንዳንዱን ስንዝር በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ማጣበቂያው የሚይዘው በመጫን ነው። ከዚያ ሦስት ቀን መኪናው ይቁም። እጥበትም የለም። ዓርብ ከሰዓት ከገጠማችሁ ሰኞ ከሰዓት ንዱ። ክረምት ከሆነ ደግሞ መጠለያ ከሌላችሁ እስከ መስከረም መጨረሻ መታገሥ ይሻላል።

ከዳር መጀመር

ከግራ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ቀኝ ከሄዳችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት ጣት ይተርፋል ወይ ይጎድላል። የባምፐሩን መሐል ፈልጉ። የሊፑንም ለኩና መሐሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለቱን አገናኙና ከመሐል ወደ ዳር ሥሩ። ከመለጠፋችሁ በፊት በወረቀት ፕላስተር ሰቅላችሁ አምስት እርምጃ ራቁና እዩት። ቅርብ ሆኖ የማይታይ ጥመት ራቅ ሲሉ ይታያል። ሁለተኛ ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ለብቻ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ብሎን መናቅ፣ ወይ ያለ አሳብ መብሳት

የእኛ ሊፕ አንድም ብሎን አልነበረውም። ፕላስተር ብቻውን ነፋስ ይችል ይሆናል፣ የኮብልስቶን ንቅናቄን ግን አይችልም። ብሎን ብቻውንም አይበጅም፤ በብሎኖቹ መሐል ሊፑ ይላቀቅና ይርገበገባል። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

ብሎኑ ከሥር፣ በማይታየው በኩል ይግባ። የማይዝግ ይሁን። ሰፊ ሮንዴላ ይኑረው፣ ያለዚያ ራሱ ፕላስቲኩን ቀዶ ያልፋል። ከመብሳታችሁ በፊት ከኋላው ምን እንዳለ በእጃችሁ ዳስሱ። የጉም መብራት ሽቦ እዚያ አካባቢ ያልፋል። በአንዳንድ መኪና ራዲያተሩም ቅርብ ነው። ድሪሉ ጫፍ ላይ ምን ያህል መግባት እንዳለበት በፕላስተር ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉበት። መሐል ያለው ቀዳዳ ልክ ይሁን፣ የዳሮቹ ግን ትንሽ ሞላላ ይሁኑ። ፕላስቲክ በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። ከደጀን ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ላይ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀዳዳው ቦታ ካልሰጠው ሊፑ ይቆለመማል።

ጫፎቹ ፓራፋንጎ ውስጥ ሲታጠፉ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙሩና ጎማው እንዳይነካቸው አረጋግጡ።

ክሪክ ብቻ ላይ ተማምኖ መግባት

ይሄን በጥብቅ ነው የምለው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየር እንጂ ሥር ተኝቶ ለመሥራት አልተሠራም። አፈር ግቢ ውስጥ ደግሞ ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል። ከጋራዥ ማቆሚያ ብረት ተዋሱ። ወይም የፊት ጎማዎቹን ወፍራምና ሰፊ ጣውላ ላይ አውጡ። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ። ድንጋይና ብሎኬት ደራርቦ መግባት አይሆንም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ለአንድ ጌጥ ብላችሁ ልጆቻችሁን አታሳስቡ።

የራዲያተሩን አየር መዝጋት

አንዳንድ ሰው ሊፑ አልገጥም ሲለው የሞተሩን የሥር ፕላስቲክ ሽፋን አውልቆ ይጥላል። ወይም ከባምፐሩ ሥር ያለውን የአየር ማስገቢያ በከፊል ይሸፍናል። ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅም። ያ ሽፋን ግን ከሥር ጭቃ መከላከል ብቻ አይደለም ሥራው። አየሩ ሌላ መንገድ እንዳያገኝና በራዲያተሩ በኩል እንዲያልፍም ያደርጋል።

ይሄ የሚታወቀው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ አቀበት ነው። ከበረሃው ግርጌ ካለው ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጡ ከፊታችሁ ሲኖትራክ ካለ በሁለተኛ ማርሽ ትሳባላችሁ። ፍጥነት የለም፣ ሙቀት አለ፣ ሞተሩ እየጓጎረ ነው። አየር የተዘጋበት መኪና ቴምፕሬቸሩ የሚነሳው እዚያ ነው። ስለዚህ ሽፋኑን መልሱ፤ ካስፈለገ ጠርዙን ቆርጣችሁ አስተካክሉት። የአየር ማስገቢያውን አትንኩት።

ገጥሞ መርሳት

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ከሥር ግቡና ብሎኖቹን ነካ ነካ አድርጉ። ጫፎቹን በጣት ሳቡ። ከፕላስተሩ ጋር ክፍተት ካለ አሁኑኑ ይታያል። ለመንገድ ደግሞ ካቻቪቴ፣ ስለታም ቢላዋና የፕላስቲክ ማሰሪያ ያዙ። መንገድ ላይ ግማሹ ከወለቀ ወይ በደንብ እሰሩት፣ ወይ ሙሉ በሙሉ አውርዱት። ተንጠልጥሎ አትንዱ፤ ጎማ ሥር ከገባ አደጋው የሊፕ ብቻ አይደለም።

ሴሊካው ላይ አሁንም ያለው ያው ሊፕ ነው። በግራ ጫፉ በኩል ከአስፋልቱ ያተረፈው ጭረት አለ፤ ወንድሜ አይቀባም ብሎ ተወው። ዘንድሮ ለጥምቀት አዲስ አበባ ሄደን ስንመለስ፣ ደጀን ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ከሥር አጎንብሼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካሁ። ከዘጠኙ አንዱ ሩብ ዙር ላልቶ ነበር። አጠበቅሁትና እጄን ታጥቤ ገባሁ።