የትኛውን «ቬርተር» አነበቡ? በጀርመን ሥነ ጽሑፍ ጥናት ኅትመት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ለጥናት መጽሔቶች የሚላኩ ጽሑፎችን ስገመግም፣ እንዳይታተሙ ሐሳብ ካቀረብኩባቸው መካከል በሐሳብ ድህነት የወደቁት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የሚወድቁት ጸሐፊው በእጁ የያዘው ጽሑፍ በማን፣ መቼና ከየትኛው ቅጂ እንደተዘጋጀ ሳያጣራ ወደ ትንታኔ በመግባቱ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ አንዳንዶቹ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚታለፉ ሲሆኑ የመጀመሪያው ግን ትዕግሥቴን አሟጦታል። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እትሙን ሳይለዩ መተንተን

አንድ ጊዜ ስለ ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ ልብ ወለድ ስለ «ቬርተር» የተጻፈ፣ ቋንቋው ያማረና አወቃቀሩ የተስተካከለ ጽሑፍ ደረሰኝ። በልብ ወለዱ ውስጥ፣ የሚያገለግላትን መበለት አፍቅሮ ከቤቷ የተባረረና በኋላም በእርሱ ቦታ የተቀጠረውን ሎሌ የገደለ አንድ የገጠር ወጣት አለ። የጸሐፊው መከራከሪያ፣ ይህ ግድያ በ1774 ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ደራሲ በቬትስላር ከተማ ባፈቀራት በሻርሎተ ቡፍ እጮኛ በዮሐን ክርስቲያን ኬስትነር ላይ የነበረውን ቅናት ሳያስበው የተናዘዘበት ነው የሚል ነበር። ጽሑፉ ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው በዚህ ላይ ቆሟል። ችግሩ ያ የገጠር ወጣት በ1774ቱ እትም ውስጥ ጨርሶ አለመኖሩ ነው። ጎተ ታሪኩን የጨመረው መጽሐፉን አሻሽሎ በ1787 እንደገና ባሳተመበት ጊዜ ሲሆን፣ በዚያን ወቅት ደግሞ የቫይማር መንግሥት ሹም የነበረና ወደ አርባ ዓመቱ የተጠጋ ሰው ነበር። ከዚህም በላይ ኬስትነር በመጀመሪያው እትም እርሱን መስሎ በቀረበው ገጸ ባሕርይ በአልበርት አሣሣል ቅር ተሰኝቶ ስለነበር፣ በሁለተኛው እትም ውስጥ አልበርት ከቀድሞው የተሻለ ሰው ሆኖ ቀርቧል። ጸሐፊው ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያነብ ኖሮ፣ የጎለመሰው ደራሲ በወጣትነት መጽሐፉ ላይ ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገው የሚመረምር፣ ካቀረበው እጅግ የበለጠ ጥናት በእጁ ነበር። ያነበበው የኪስ እትም የመጀመሪያ ገጹ ላይ 1774 የሚል ዓመት ይዟል፤ ውስጡ ያለው ግን የ1787ቱ ጽሑፍ ነው። በገበያ ላይ ካሉት እትሞች ብዙዎቹ የሚያትሙት ይህንኑ ሁለተኛውን ጽሑፍ ስለሆነ፣ ከኋላ ያለውን የአዘጋጁን ማስታወሻ ያላነበበ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል።

የካፍካ «ፕሮሴስ» ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። ካፍካ ልብ ወለዱን በነሐሴ 1914 ጀምሮ በጥር 1915 ሳይጨርሰው ተወው፤ በ1924 ከሞተ በኋላ ወዳጁ ማክስ ብሮድ በሚቀጥለው ዓመት አሳተመው። ምዕራፎቹን በቅደም ተከተል ያስቀመጣቸው ብሮድ እንጂ ካፍካ አይደለም። በ1990 ማልኮም ፓስሊ ከእጅ ጽሑፉ ጋር አመሳክሮ ያዘጋጀውን ሂሳዊ እትም አወጣ፤ በ1997 ደግሞ ሮላንድ ሮይስና ፔተር ሽቴንግለ ቅደም ተከተል የሚባለውን ነገር ጭራሹን ትተው የእጅ ጽሑፉን በ16 የተለያዩ ጥራዞች፣ ከፎቶግራፉ ጋር አሳተሙት። እንግዲህ «የባለታሪኩ የዮሴፍ ካ. ድካም ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እየጨመረ ይሄዳል» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ የሚተነትነው የካፍካን ድርሰት ይሁን የብሮድን አደራደር አስቀድሞ መናገር አለበት። ሳይናገር ሲቀር ገምጋሚው ከሦስተኛው ገጽ በላይ አይሄድለትም።

የጌኦርግ ቢሽነር ተውኔት «ቮይጼክ» ሌላው ወጥመድ ነው። ቢሽነር በ1837 በሃያ ሦስት ዓመቱ ሲሞት የተወው የተበታተኑ ረቂቆችን ነበር። ካርል ኤሚል ፍራንጾስ የደበዘዘውን ቀለም ለማንበብ በኬሚካል እያራሰ አጉልቶ በ1879 ባሳተመው የቢሽነር ሥራዎች እትም ውስጥ ሲያወጣው፣ የባለታሪኩን ስም እንኳ «ቮጼክ» ብሎ በስህተት አነበበው፤ በ1925 በበርሊን ለመድረክ የበቃው የሙዚቃ ደራሲው የአልባን ቤርግ ኦፔራም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። የትዕይንቶቹም ተራ ከእትም እትም ይለያያል። የፈላስፋው የኒቼ ነው ተብሎ የሚጠቀሰው «የኃይል ፈቃድ» ደግሞ በ1901 እኅቱና ወዳጁ ሃይንሪሽ ኮዘሊትስ ከማስታወሻዎቹ መርጠው የገጣጠሙት ስብስብ ስለሆነ፣ ደራሲው ራሱ እንዳዘጋጀው መጽሐፍ መጥቀስ አይገባም።

ከግዕዝ የብራና ጥናት ወደ ጀርመን ሥነ ጽሑፍ የመጡ ተማሪዎች ይህን ሁሉ በቶሎ ይረዱታል። አንዱን ገድል በተለያዩ ገዳማት በተለያየ መልክ ተጽፎ ሲያገኙ የኖሩ ስለሆኑ፣ «ይህ የየትኛው ቅጂ ንባብ ነው?» ብለው ለመጠየቅ ማንም አያስታውሳቸውም። የመካከለኛውን ዘመን የጀግንነት ግጥም «ኒቤሉንገንሊድ»ን ሲያጠኑም፣ በዛንክት ጋለን ባለው የ«ቤ» ቅጂና በካርልስሩኸ ባለው የ«ጼ» ቅጂ መካከል የባሏን ግድያ የምትበቀለው ክሪምሂልት የምትዳኝበት መንገድ እንደሚለያይ፣ «ጼ» በደሏን አቅልሎ ሸክሙን ወደ ባሏ ገዳይ ወደ ሃገን እንደሚያዞር ራሳቸው ደርሰውበት ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ተማሪ ሲገጥመኝ ጀርመንኛው ገና ቢሆን እንኳ ደስ ይለኛል፤ ቋንቋው ይደርሳል።

ከበይነ መረብ ያገኙትን መጥቀስ

በነፃ የሚገኙ ብዙ ገጾች ከየትኛው እትም እንደገለበጡ አይናገሩም፤ አንዳንዶቹም የጽሕፈት ሥርዓቱን ከ1996ቱ ማሻሻያ ጋር አስማምተው ስለሚለውጡት፣ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ደራሲ የዛሬ ተማሪ በተማረው ሥርዓት ሲጽፍ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹን እትሞች ከገጾቹ ፎቶግራፍ ጋር የሚያቀርበው የጀርመን የጽሑፍ ቤተ መዛግብት በበይነ መረብ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ «ሌላ ማግኘት አልቻልኩም» የሚለው ምክንያት አያስኬድም።

በእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ ተመሥርቶ ስለ አንድ ደራሲ የዓረፍተ ነገር አካሄድ የሚጻፍ ጥናት ደግሞ ምንም ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

«እስካሁን ማንም አላጠናውም»

ይህን ዓረፍተ ነገር በመግቢያ ላይ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው በፍራንክፈርት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋጀውን የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ጥናቶች መዝገብ መክፈት ነው፤ «ማንም አላጠናውም» የተባለው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል። ጀማሪዎች በአጠቃላይ የመፈለጊያ ገጽ የታያቸውን ብቻ፣ ያውም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ብቻ ይጠቅሳሉ። በጀርመን ሥነ ጽሑፍ ላይ እየጻፉ በጀርመንኛ የታተመ አንድም ጥናት አለመጥቀስ የትኛውንም ገምጋሚ ያስቆጣል። «ኦይፎርዮን» የተባለው የጥናት መጽሔት ከ1894፣ የፓውልና ብራውነ መጽሔት የሚባለው ደግሞ ከ1874 ጀምሮ የወጡ መሆናቸውን ማስታወስ ይበጃል፤ ጥያቄውን ከመቶ ዓመት በፊት ያነሣ ሰው አለመኖሩን ሳያዩ አዲስ ነው ማለት ድፍረት ነው።

የቋንቋ ክምችትን እንደ ሕዝብ ድምፅ መቁጠር

የሥነ ልሳን ጸሐፊዎች በማንሃይም የሚገኘውን «ዴሬኮ» የተባለ የጀርመንኛ ጽሑፎች ክምችት ይወዱታል፤ መውደዳቸውም ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ያገኙትን ቁጥር ይዘው «ጀርመኖች እንዲህ ይላሉ» ብለው ሲደመድሙ ነው፤ የክምችቱ ትልቁ ክፍል የጋዜጣ ጽሑፍ ስለሆነ የሚያሳየው አርታዒ ያለፈበትን የጽሑፍ ቋንቋ እንጂ የገበያ ወይም የቤት ንግግርን አይደለም። በ1990 እና በ2010 አንድ ቃል ስንት ጊዜ እንደተገኘ በጥሬ ቁጥር አወዳድሮ «አጠቃቀሙ ጨምሯል» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ለየዓመቱ የተሰበሰበው ጽሑፍ መጠን ስለሚለያይ፣ ቁጥሩ ከሚሊዮን ቃላት ስንት እንደሆነ ተሰልቶ መቅረብ አለበት። ክምችቱ በየጊዜው ስለሚያድግ የትኛው ክፍሉና የትኛው እትሙ እንደተፈተሸ መጻፍም ግዴታ ነው።

መመረቂያ ጽሑፍን ቆርጦ መላክ

የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ የተጻፈው ፈታኞችን ለማሳመን ስለሆነ፣ ለመጽሔት ሲላክ ስለ ንድፈ ሐሳቡ የሚዘረዝረው ግማሹ ክፍል መውጣት ይኖርበታል። «በምዕራፍ ሁለት እንደተመለከትነው» የሚል ሐረግ ሳይሰረዝ የሚደርሰኝ ጽሑፍ ጸሐፊው አንድ ጊዜ እንኳ መልሶ እንዳላነበበው ይነግረኛል። አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔቶች መላክም ክልክል ነው፤ ገምጋሚዎቹ ጥቂት ስለሆንን እንተዋወቃለን።

በጀርመን የዶክትሬት ማዕረግ በሙሉ መብት የሚገኘው መመረቂያው ታትሞ ሲወጣ ስለሆነ፣ አሳታሚው ከደራሲው የኅትመት ወጪ ድጋፍ ሲጠይቅ ጀማሪው «ተታለልኩ» ብሎ ይደነግጣል። ገንዘብ መጠየቁ ብቻ የማታለል ምልክት አይደለም፤ የታወቁ አሳታሚዎችም ይጠይቃሉ። መመርመር ያለበት መጽሐፉ የሚወጣበት ተከታታይ ኅትመት ምሁራን አዘጋጆች እንዳሉት፣ የእጅ ጽሑፉን አንብቦ የሚፈርድ ሰው መኖሩና ቤተ መጻሕፍት የሚገዙት መሆኑ ነው። ከምረቃው ጥቂት ቀን በኋላ ርዕሱን እንኳ በትክክል ሳይጽፍ «ድንቅ ሥራዎን እናሳትም» የሚል ኢሜይል ለላከ አሳታሚ ግን መልስ መስጠት አያስፈልግም።

ቤተ መዛግብትና ፈቃድ

የቆየ የጀርመን የእጅ ጽሑፍን ሁሉ «ዙተርሊን» ብሎ መጥራት የተለመደ ስህተት ነው። ዙተርሊን በ1911 ለትምህርት ቤት የተቀረጸ ፊደል ሲሆን በ1941 ከትምህርት ቤት ወጥቷል፤ ጎተና ዘመነኞቹ የጻፉት ኩረንት በተባለው የቀድሞ የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ነው። ኩረንትን ማንበብ ሳይለማመዱ ማርባህ ወደሚገኘው የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ቤተ መዛግብት መሄድ የቆይታውን ጊዜ ፊደል በመቁጠር መጨረስ ነው። የሚፈልጉት ደብዳቤ በየትኛው ከተማ እንደሚገኝም ከመነሣትዎ በፊት «ካሊዮፔ» በተባለው የጋራ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ይቻላል።

ደብዳቤውን ማንበብና ማተም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጀርመን የደራሲነት መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ በ1956 የሞተው የተውኔት ደራሲው የብሬሽት ሥራ እስከ 2026 መጨረሻ ድረስ የተጠበቀ ነው። ከታተመ ሥራ ለትንታኔ በሚያስፈልግ መጠን መጥቀስ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ያልታተመ ደብዳቤን ለማውጣት ግን መብቱ ያላቸውን ወራሾች ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ቤተ መዛግብቱ ፎቶግራፉን ሰጠ ማለት ወራሾቹ ፈቀዱ ማለት አይደለም። መልሱ ወራት ሊወስድ ስለሚችልም ጥያቄው መላክ ያለበት ጽሑፉ ገና ረቂቅ ሳለ ነው፤ የማረሚያ ገጾች እስኪመጡ የጠበቀ ሰው ዋናውን ማስረጃውን ከጽሑፉ ለማውጣት ሊገደድ ይችላል።