ሰንጢ በክረምት እንዳይዝግ

የእኔ ሰንጢ ብረቱ ዲ2 የሚባለው ዓይነት ነው። 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለው፤ ግን ብዙው ከካርቦን ጋር ስለተጣመረ ዝገት የሚከላከለው የተረፈው ብቻ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ደብረ ማርቆስ ላይ ሎሚ ቆርጬበት ሳልጠርገው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በማግስቱ ስለቱ ሥር ቡናማ ነጠብጣብ!

ሎሚ ወይ ሥጋ ከቆረጣችሁበት ወዲያው አለቅልቁትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ቶሎ አትጠፉት፤ እርጥበቱ የሚደበቀው ማጠፊያው ውስጥ ነው። ሲደርቅ እዚያው አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርጉ፤ ስለቱንም በስሱ ቀቡት። ምግብ ከመንካቱ በፊት ግን ጥረጉት። የኑግ ዘይት ሞክሬ ነበር። ሲሰነብት እንደ ሙጫ ያዘውና አልከፈት አለኝ።

የጀመረ ዝገት ካለ ዘይት በነካ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ እሹት። ግራጫ ጥላ ቢቀር አያሳስብም።